አሥራ ዘጠኝ ቀን የፈጀች ሴንሰር

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሁለት ሰዎችን ላጋባ ተነስቼ ነበር። አንደኛዋ አክስቴ ራሒማ ናት፤ ሁለተኛው መካኒኩ ሉጥፊ። አጋቢን ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔ ግን ሥራዬን በትጋት ሠራሁ፤ በትጋቴም የተነሳ አክስቴ መኪናዋን ልታጣ ለጥቂት ነው የተረፈችው።

መኪናዋ ነጭ ፒካፕ ነበረች፤ እኛ የሱዳን ገዳሪፎች ቡክሲ የምንላት። የአክስቴ ባል ሙዓዊያ በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ የቀን ሠራተኞችን ወደ ፋሽጋ እርሻዎች፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ ማሽላ ወደ ገበያ ያመላልስባት ነበር። ዝናቡ በጀመረበት ሰሞን ወባ ያዘውና በስድስተኛው ቀን ሞተ። አክስቴ ነጭ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ረጅም ጨርቅ፣ ለብሳ ዒዳ ገባች። ዒዳ ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷ የምትቀመጥበት፣ ከባዕድ ወንድ ጋር የማትነጋገርበት ጊዜ ነው። ለግድ ጉዳይ በቀን ብትወጣ ሃይማኖቱ አይከለክላትም ይላሉ፤ የእኛ ሰፈር ግን ከሸሆቹ ይበልጥ ይከር ነበር።

ባል የሞተባት ሴት ብቻዋን አታድርም ስለሚባል እናቴ እኔን ላከችላት። ደብተሬንና ብርድ ልብሴን ይዤ ሄድኩ። የሰፈሩ ልጆች የእናታቸውን እህት እንደሚጠሩት እኔም በዐረብኛ «ኻልቲ» እላት ነበር። ኻልቲ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ስለዚህ አላዘነችም ብዬ ደመደምኩ። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር የሚደመድም ሰው ቤቴ ሲመጣ ሻይ አቀርብለትና ዝም እላለሁ።

ዒዳዋ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው የሙዓዊያ ታናሽ ወንድም ከማሉ ከገላባት መጣ። ወፍራም፣ ላብ የማያጣው፣ ኪሱ ከረሜላ የማይጎድለው ሰው ነበር፤ እወደው ነበር። በግቢው ግንብ ማዶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲነጋገር «ድርሻ»፣ «ወርቅ»፣ «ወቅቱ ሳያልፍ» የሚሉ ቃላት እየተቆራረጡ ይደርሱኝ ነበር። ነገሩን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከማሉ የወንድሙን መኪና በሰሊጥ ወቅት፣ ዋጋ ባላት ጊዜ መሸጥ ፈልጓል። የመኪናዋ ወረቀት በሙዓዊያ ስም ነው። የተገዛችው ግን በአክስቴ የእጅ አምባሮች ነበር፤ ይህን የሚያውቁት እሷ፣ ሟቹና አምባሮቹን የገዛው ወርቅ ሠሪ ብቻ ናቸው። ወርቅ ሠሪው ደግሞ «እሷ ራሷ ፊቴ ቆማ ካልጠየቀችኝ ስለ ሴት ንብረት አፌን አልከፍትም» የሚል ጥንቁቅ ሽማግሌ ነው። አባቴ ፋሽጋ ትራክተር እየነዳ ስለሆነ የሚናገርላት ወንድ አልነበረም። መኪናዋ ዒዳው ሳያልቅ ከተሸጠች፣ አክስቴ ስትወጣ የምትከራከርበት ነገር አይኖርም።

መኪናዋ ግን አልሸጥም አለች። የመጀመሪያው ገዢ ሊሞክራት በቡክሲ ወጥቶ በራክሻ ተመለሰ። እህል ገበያው በር ላይ ቀጥ ብላበት፣ በሦስት ጎማ ታክሲ ነው የመጣው። ሁለተኛውም እንዲሁ። ከማሉ ላቡን እየጠረገ ሉጥፊን ጠራ።

ሉጥፊ መተማ ተወልዶ ገዳሪፍ ያረጀ መካኒክ ነው። የመነጽሩ አንድ እጀታ በኤሌክትሪክ ሽቦ የታሰረ ነው። ኮፈን ከመክፈቱ በፊት የመጠየቅ ልማድ ነበረው። መኪና በሽተኛ ናት፣ አፍ ግን የላትም፤ ስለዚህ አብሯት የኖረውን ሰው ጠይቅ ይላል። ከመኪናዋ ጋር የኖረው ሰው መቃብር ውስጥ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ድምጿን የሚያውቅ ሰው ቢኖር በየቀኑ መመለሷን ስትጠብቅ የኖረችው ራሒማ ናት። እሷ ደግሞ ከግንቡ ወዲያ ተቀምጣለች።

ቡክሲዋ ከግንቡ ውጭ፣ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቆማ ነበር። ኻልቲ በውስጥ በኩል አልጋዋን ግንቡን አስጠግታ ተቀመጠች። መሐላቸው በሩ አለ፤ በበሩ የምመላለሰው ደግሞ እኔ።

«ሂጂና ጠይቂያት» አለኝ ሉጥፊ። «የምትቆመው ቀዝቅዛ ነው ወይስ ግላ?»

ሮጬ ጠየቅሁ። ኻልቲ፣ ግላ ነው የምትቆመው፤ ግማሽ ሰዓት ካረፈች ትነሳለች በይው አለችኝ። ይህን አደረስኩ። ከራሴም ጨመርኩበት፤ «እጅህ ይባረክም ብላለች» አልኩት።

የጨመርኩበት ምክንያት ነበረኝ። ጎረቤታችን ሳና፣ የሰርግ ሒና የምትሠራው፣ ጠዋት በራፏን ስትጠርግ ለእናቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ። ሉጥፊ ግንቡን የሚያየው ሞተሩን ከሚያየው ይበልጣል አለች። እናቴም አፏን በቶቧ ሸፍና ሳቀች። ለእኔ ይህ ከበቂ በላይ ማስረጃ ነበር።

ሉጥፊ ምርቃቱን ሲሰማ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ኻልቲ መጀመሪያ የነዳጅ ፊልትሮውን ይይ ብላ ላከች፤ ፊልትሮው ተቀየረ። በማግስቱ ካንዴላዎቹን አለች፤ ካንዴላዎቹ ወጡ፣ በብሩሽ ተፋቁ፣ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ምናልባት የነዳጅ ፓምፑ ይሆናል አለች። በየቀኑ አንድ መልስ ብቻ ነው የምትሰጠው። ማታ ማታ ጥያቄውን ደግሜ ብነግራትም «ነገ» ትለኛለች። ዓይን አፋር ስለሆነች ነው ብዬ አዘንኩላት፤ መልእክቶቿን አሳመርኩላት። ለሉጥፊ «እንዳትደክም» ብላለች፣ «ጥላው ሥር ተቀመጥ» ብላለች እያልኩ አደርሳለሁ። ከእሱ ወደ እሷ የምወስደውም እንዲሁ ያማረ ነበር። አንድ ጊዜ ሉጥፊ «የባትሪው ገመድ ላልቷል» ሲል፣ እኔ «ድምፅሽ ከናፈቀኝ ቆየ ይላል» ብዬ ነገርኳት። ኻልቲ ትኩር ብላ አየችኝ። «ባትሪውን ነው ያለው ወይስ ገመዱን?» ብላ ጠየቀችኝ።

በስድስተኛው ቀን ሉጥፊ መጠየቅ አቆመ። እኩለ ቀን ላይ መኪናዋን ከጥላው አውጥቶ ፀሐይ ላይ አቆማትና ሞተሩን አስነስቶ ተዋት። ከማሉ ወደ ማረፊያው ሄዶ ተኝቷል። አየሩ ቤንዚንና የሰሊጥ አቧራ ይሸታል። ሞተሩ እየጋለ ሄደ፤ ከዚያ ሳይንተባተብ፣ ልክ ሰው ሲናገር አፉን እንደያዙት፣ ቀጥ አለ። ሉጥፊ ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው ዞረ፣ ዞረ፣ ሞተሩ ግን አልነሳ አለ።

«ከዚሩ ውሃ አምጪ» አለኝ። ዚር በየበራፉ የሚቀመጠው የሸክላ ጋን ነው፤ ውሃው በሐሩርም ጥርስ ያማል። በጣሳ አመጣሁ። መጀመሪያ አንድ ቦታ ላይ ጠብ ጠብ አደረገበት፣ ቁልፉን አዞረ፤ ምንም የለም። ሌላ ቦታ ሞከረ፤ ምንም። ሦስተኛው ላይ፣ ከሞተሩ ራስ ጥግ ሦስት ሽቦ የገባባት ጥቁር ነገር ላይ፣ ቀስ እያለ አፈሰሰ። አንድ ፋቲሓ፣ የቁርኣኑን አጭር የመክፈቻ ምዕራፍ፣ የሚያስቀራ ያህል ጠበቀ። ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሩ ወዲያው ተነሳ።

እንደገና እስክትግልና እስክትቆም ጠበቅን። አሁንም ሌላው ቦታ ላይ ሲያፈስ ዝም፤ ጥቁሯ ላይ ሲያፈስ ተነሳች። እኔ መኪናዋ ጠምቷት ኖሮ ሉጥፊ አፏን ያገኘላት መሰለኝ።

«ይቺ የካምሻፍት ሴንሰር ናት» አለኝ፤ ልጅ መሆኔን ረስቶ ነው መሰል። «የሞተሩ ሙአዚን በያት። የትኛው ፒስተን ተራው እንደ ደረሰ ለኮምፒዩተሩ ትጣራለች። ስትግል ድምጿ ይዘጋል። አዛን ካልተሰማ ማን ይሰግዳል?»

ሮጬ ገባሁ፤ ለኻልቲ ልነግራት። እሷ ሞተሩ ሁለቴ ሲነሳ ሰምታለች። የእንጨት ሳጥኗን ከፍታ፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ መሐረብ ጭኗ ላይ ዘርግታ ነበር። መሐረቡ ላይ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ነገር አለች፤ አዲስ፣ የምታብረቀርቅ፣ ሽቶ ሽቶ የምትል። ስታየኝ ጠቀለለችና ሳጥኑን ዘጋች። ምንነቱን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ ምክንያቱም ገብቶኛል። ለሉጥፊ ያስቀመጠችው ስጦታ ነው፤ መስጠት ግን አፍራለች።

በማግስቱ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ስትሰግድ ከሳጥኑ ሰረቅሁትና ወጣሁ።

«ኻልቲ ልካልሃለች» አልኩት ሉጥፊን።

መሐረቡን ፈታ። ጥቁሯን ነገር አየ፤ ከዚያ ሞተሩን፣ ከዚያ ግንቡን። መሐረቡን ያውቀዋል፤ ሙዓዊያ መሪ ሲይዝ አንገቱ ላይ የሚጥለው ነበር። እኔም አውቀው ኖሯል፤ ነገር ግን ያን ቀን የማጋባት ሥራ ላይ ስለነበርኩ ማስተዋል አልቻልኩም።

«እሷ ናት የላከችሽ?»

«አዎ።»

«ሰግዳ ጨረሰች?»

«አልጨረሰችም።»

ሉጥፊ ያለ ድምፅ ሳቀ። መሐረቡን እንደነበረው፣ በእጥፋቱ መስመር፣ መልሶ ጠቀለለው።

«ዒዳዋ ሊያልቅ ስንት ቀን ቀራት?»

በከሰል ግንቡ ላይ እየጫርኩ ስለምቆጥር መልሱን ለማግኘት አልተቸገርኩም። «አሥራ ዘጠኝ» አልኩት።

«እንግዲያው ይቺ መኪና አሥራ ዘጠኝ ቀን ያስፈልጋታል» አለ። «ሂጂ፣ ከነበረበት መልሺው። ሳታይሽ።»

በደስታ በረርኩ። ቀን ይቆጥራል፤ ቀን የሚቆጥር ሰው የሚያገባ ሰው ነው። ሉጥፊ በጊዜው ሚስትና አምስት ልጆች እንደነበሩት፣ ሚስቱም በዚያው ሳምንት አክስቴን ልትጠይቅ ገብታ ሁለቱ በር ዘግተው ሲሳሳቁ እንደ ዋሉ ልብ አላልኩም። ሉጥፊ ለአክስቴ የላከውን ቃል ያደረሰችው እሷ ናት። «ቸኩዪ የሚልሽ የለም» ነው ያላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ የማመላልሰው መልእክት ሁሉ ለከማሉ ጆሮ የተዘጋጀ ነበር። የራሴን ቃል የምጨምርበት መልእክት ራሱ የውሸት መሆኑን ሳስበው እስካሁን ያስቀኛል።

ሉጥፊ መኪናዋን መፍታት ጀመረ። በየቀኑ የሰሊጥ ጆንያ ዘርግቶ የሚፈታውን በላዩ ይደረድራል፤ ማታ መልሶ ይገጥማል። ከማሉ ጆንያውን እየዞረ ይቃትታል። አንድ ቀን ወንበሮቹ ተነቅለው መሬት ተቀምጠው አገኛቸው።

«ኡስጣ፣ ወንበሩ ደግሞ ምን አደረገ?» አለ፤ መካኒክ እኛ ጋ «ኡስጣ» ተብሎ ነው የሚጠራው።

«ሽቦ በሥሩ ያልፋል።»

«ታዲያ መስታወቱስ?»

«መስታወቱን ላጥበው ብዬ ነው» አለ ሉጥፊ። «አቧራ ይዞታል።»

ከማሉ ሞኝ አልነበረም፤ ቸኩሏል እንጂ። አሥራ አንድ ቀን ሲቀር ከከሰላ ሶፎኒያስ የሚባል፣ የመኪና ኮምፒዩተር የሚያነብ መሣሪያ ያለው ወጣት አስመጣ። ሶፎኒያስ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ከመሪው ሥር ገመድ ሰካና በመሣሪያው ትንሽ መስኮት የሚታየውን አነበበ። እኛም ከበብነው። ከግንቡ ወዲያ የአልጋው ጠፍር ሲንቋቋ ይሰማ ነበር።

«የካምሻፍት ሴንሰር ነው የሚለው» አለ ሶፎኒያስ።

ከማሉ ፊቱ በራ። «ምን ዓይነት ነገር ናት? ምን ትመስላለች?»

«ትንሽ ናት። አውራ ጣት ታክላለች፣ ጥቁር፣ አንድ ብሎን አላት። ጫፏ ማግኔት ነው።»

እንደምረዳ ሰው ኮራሁ። «እንደሷ ያለች እኮ ኻልቲ ሳጥን…» ብዬ ስጀምር የሉጥፊ እግር የተቃጠለ ዘይት የሞላበትን ሳህን ነካው። ዘይቱ በሙሉ ነጩ የዒድ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ሰማይ እስኪሰማ አለቀስኩ። ከማሉ ከረሜላ ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ፤ ሶፎኒያስ ሸሚዙን ሊያድን ወደ ኋላ ዘለለ፤ ሉጥፊ «ይቅርታ፣ ዓይኔ ደክሟል» እያለ እግሬን በጆንያ ጠረገ። በኋላ ከማሉ ሴንሰሯ ከየት ትገኛለች ብሎ ሲጠይቅ የጀመርኩትን ነገር ያስታወሰ አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

«ከፖርት ሱዳን ነው የምትመጣው» አለ ሉጥፊ።

ውሸት አልነበረም። ከፖርት ሱዳን ነበር የመጣችው። ሙዓዊያ መኪናዋ መቆም በጀመረችበት ወር በሽታዋን ራሱ አውቆት ነበር፤ በዚያው ኒም ሥር፣ በዚያው የዚር ውሃ። ጣሳውን የያዘችለት አክስቴ ናት። ሴንሰሯን በአንድ የጭነት መኪና ሹፌር በኩል አዘዘ። ሹፌሩ አምጥቶ በሩን ያንኳኳው ሙዓዊያ በተቀበረ በአራተኛው ቀን ነበር። እናቴ በበሩ ስንጥቅ ተቀብላ ሰጠቻት።

ይህን ሁሉ ኻልቲ የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስ፣ ምስር እየለቀምን። ከማሉን ለማዘግየት ስትል እንደ ደበቀቻት ነገረችኝ። ከማሉ ባይመጣ ኖሮስ፣ ሴንሰሯን ታወጫት ነበር አልኳት። «ያን ጊዜም የማወጣት አይመስለኝም» አለች። ምክንያቱን አልጨመረችም፤ ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ዘይቱ ከፈሰሰብኝ ከሁለት ቀን በኋላ ሉጥፊ አዲስ ነጭ ጫማ ላከልኝ። የሙሽራው ወገን ስጦታ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ።

የከሰል ጭረቶቼ ሊያልቁ አንድ ሲቀር ኻልቲ ጠራችኝ። መሐረቡን አልሰጠችኝም፤ ፈታችና ጥቁሯን ብቻ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። «ለሉጥፊ ስጪው። ከማሉ ቆሞ እያየ ይግጠማት» አለች።

ሉጥፊ አንድ ብሎን ፈታ፣ አሮጌዋን መዞ አወጣ፣ አዲሷን ዘይት ቀባ አድርጎ ከተተ፣ ብሎኑን አሰረ፣ ሽቦውን ሰካ። ሻይ ለማማሰል የሚፈጀውን ጊዜ እንኳ አልወሰደም።

«ይኸው ነው?» አለ ከማሉ።

«ይኸው ነው።»

ከማሉ ሉጥፊን አየ፤ ግንቡን አየ፤ የታጠበውን መስታወት አየ። ከረሜላ አውጥቶ ለራሱ ጎረሰ።

ሉጥፊ ሊሞክራት ሲወጣ እኔም ገባሁ። በእኩለ ቀን ሐሩር እስከ እህል ገበያው፣ ከዚያ እስከ ከተማው ጫፍ፣ ተመልሰን። አልቆመችም። ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ የመጨረሻው ሐሳብ መጣልኝ። ሙዓዊያ ሁልጊዜ እዚያ ጥግ ላይ ሁለቴ ክላክስ ያደርግ ነበር፤ በሩ እንዲከፈትለት። ኻልቲ ይህን ድምፅ እንደምትወድ አውቃለሁ።

«እዚህ ጋ ሁለቴ ክላክስ አድርግ ብላለች» አልኩት።

«ማን?»

«ኻልቲ።»

ሉጥፊ መሪውን እንደያዘ ትንሽ አመነታ። ከዚያ አደረገው።

ኻልቲ ቤት ስንደርስ የቆርቆሮው በር በሁለቱም በኩል ወለል ብሎ ተከፍቷል። ኻልቲ መሐሉ ላይ ቆማለች፤ ነጩ ቶብ ከራሷ ተንሸራትቷል፣ እጇ መቀርቀሪያው ላይ ነው። አራት ወር ሙሉ ያላየሁት ፊት ነበራት። ሥራዬ እንደ ተሳካ አወቅሁ። እሷ የሾፌሩን ወንበር አየች። ከዚያ በሩን መልሳ ዘጋችው፤ አንዱን ክንፍ፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ በጣም ቀስ ብላ።

ሉጥፊ ሞተሩን አጥፍቶ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። «አንቺ ልጅ፣ አንቺ ልጅ» አለ። እኔ ያፈረ መስሎኝ ጀርባውን መታ መታ አደረግሁለት።

ዒዳዋ በተፈጸመ ማግስት ኻልቲ ሐምራዊ ቶብ ለብሳ ወጣች፤ ቡክሲዋ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄደች። ወርቅ ሠሪው ፊቱ ቆማ ስትጠይቀው አፉን ከፈተ፤ የአምባሮቹን ቅርጽ ሳይቀር ተናገረ። መኪናዋ ለእሷ ጸናች። ከማሉ «ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበር?» አላት። «ብነግርህ ወቅቱ ሳያልፍ ትሸጣት ነበር» አለችው። ሳቀ። ያን ዓመት ሠራተኞቹን ወደ ፋሽጋ ያመላለሰላት ራሱ ከማሉ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አልቆመችበትም። ሰርግ አለመኖሩን የተረዳሁት ግን የሳና ሒና ተበጥብጦ ለሌላ ሙሽራ ሲሄድ ካየሁ በኋላ ነበር።

እኔም ዓምና ነጭ ለበስኩ። ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም። ባል የሞተባት ሴት ብቻዋን አታድርም ስለሚባል ኻልቲ ሰባ ዓመቷን ተሸክማ፣ ብርድ ልብሷን ይዛ መጣች። አንድ ከሰዓት በኋላ ነገርኳት፤ ያን ቀን ክላክሱን ያስደረግሁት እኔ ነኝ አልኳት። «አውቃለሁ» አለች። «ሉጥፊ በሚስቱ በኩል በዚያው ቀን ይቅርታ ጠይቆኛል። አንቺ ግን ሃያ ዓመት ቆየሽ።»

ዒዳዬ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከምሳ በኋላ፣ ከመንገዱ ጥግ ክላክስ ተሰማ። እግሬ ቀደመኝ። ራሴን ያገኘሁት በሩ ጋ ነው፤ እጄ መቀርቀሪያው ላይ።

ኻልቲ ከአልጋዋ አልተነሳችም።

«ስንቴ ነው የነፋው?» አለችኝ።

«አንዴ።»

«የእናንተ ስንት ነበር?»

«ሦስት» አልኳት።

«እንግዲያው የጎረቤት ነው» አለች፤ ከአጠገቧ ቦታ እየለቀቀችልኝ። «ነዪ፣ ተቀመጪ።»